ለደረት የሚሆን ግጥም

ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ወንድሜ ከገጠር መጥቶ "እንግዲህ ይበቃሻል" አለኝ። ቢቸና የተቀመጥኩት ለትምህርት ብቻ ነበር፤ ያውም በአክስቴ ቤት። ትምህርቱ ካለቀ የምቀመጥበት ምክንያት አልነበረኝም። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። አባታችን ከሞተ ጀምሮ እርሻውንም ከብቱንም ብቻውን ይዞ፣ ሚስቱም ሕፃናት ታቅፋ፣ ቤታቸው የሚያግዝ ሰው ይፈልግ ነበር። እስክዳር ድረስ አግዛቸዋለሁ፤ ከዚያ ከአካባቢው ለአንዱ እዳራለሁ። ይህ ሁሉ ሲነገረኝ ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ሰው ሁሉ እሺ ያልኩ ይመስለዋል።

አክስቴ ብቻ አልመሰላትም። ባሏ የሞተባት፣ ጥጥ እየፈተለች የምትኖር ሴት ናት። ወንድሜ በቅሎውን ሊጭን ሲወጣ እንዝርቷን አስቀመጠችና አየችኝ።

"መሄድ ትፈልጊያለሽ?"

ራሴን ነቀነቅኩ፤ አልፈልግም ለማለት።

"ታዲያ አፍ የለሽም?"

"ምን ልበለው?"

"ምን ትሠራለች ቢለኝ የምመልስለትን ስጪኝ። የጨውና የበርበሬሽን ካመጣሽ እዚሁ ትኖሪያለሽ። ካላመጣሽ ግን፣ ልጄ፣ እኔ በአንድ እንዝርት ሁለት አፍ አልችልም።"

ወጥታም ወንድሜን "እህል እስኪሰበሰብ ተዋት፤ ያኔ መጥተህ ትወስዳታለህ" አለችው። ጊዜ የሰጠችው ለእሱ መስሎት አመስግኗት ሄደ።

እንደ እሷ ልፈትል ሞከርኩ። ፈትሌ እየተበጣጠሰ አስቸገራት። ከእጄ ሥራ ደህና የሚባለው ጽሕፈቴ ነበር። ስለዚህ አንድ ሉክ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ የአውራጃው ፍርድ ቤት ደጃፍ ሄድኩ።

እዚያ ማመልከቻ ጻፊዎቹ አጥሩን ተደግፈው፣ እያንዳንዳቸው ሣጥን እንደ ጠረጴዛ ከፊታቸው አስቀምጠው ይቀመጣሉ። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ባለጉዳይ ከሩቅ ብቅ ሲል "ጋሼ፣ ወዲህ ይበሉ! ይግባኝ ነው ክስ?" እያሉ ይሻማሉ። እኔ ከመጨረሻው ሰው ትንሽ ራቅ ብዬ፣ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ስቤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ቀን ማንም አልጠጋኝም። በማግስቱ አንድ ገበሬ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

"አባትሽ የት ሄደ?" አለኝ።

"ምን?"

"ጻፊው ነዋ። ቦታውን እየጠበቅሽለት አይደለም?"

ወንዶቹ ሳቁ። "ንገሪው እንጂ፣ እኔ ነኝ በይው!" አለ አንዱ። አፌ አልታዘዘልኝም። ገበሬው ወደሚቀጥለው ሣጥን አለፈ።

ከጻፊዎቹ ሁሉ ያረጁት ሰውዬ ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ። "እኔ አትፈሪ ብዬ አልመክርሽም፣ የኔ ልጅ። ሰው ቆዳውን አያወልቅም። ግን እዚህ ባለጉዳይ የሚያዘው በጩኸት ነው። አንቺ ፀጥ ባለበት ቦታ የሚመጣልሽን ሰው ፈልጊ" አሉኝ። ቀለል ብሎኝ ተመለስኩ። ሥራ ግን አሁንም አልነበረኝም።

ፀጥ ያለ ቦታ የማውቀው የአክስቴን ጓዳ ብቻ ነው። አክስቴ ለጎረቤቶቿ ነገረችልኝ። መጀመሪያ የመጡት ልጃቸው ወታደር ሆኖ ሐረር ያለባቸው እናት ነበሩ። "እንደምን አለህ፣ እኔ ደህና ነኝ በይልኝ" አሉና ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ከማፈሬ የተነሳ ፊታቸውን አላየሁም፤ እስክሪብቶዬን ይዤ ወረቀቱን እያየሁ ጠበቅኩ። ሰው የሚያየው ሲያጣ ይናገራል መሰለኝ፤ ሴትዮዋ ትንሽ ቆይተው "ያ ያሳደገው በሬ እኮ ማታ ማታ በረት ከመግባቱ በፊት ወደ መንገዱ ዞሮ ይቆማል" አሉ። እሱን ጻፍኩት። መልሼ ሳነብላቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። ሽንብራ በእንቅብ ላኩልኝ።

ከዚያ ወዲያ አንዳንድ እናቶች መጡ። ግን ደብዳቤ የሚያስጽፍ ሰው በየቀኑ አይገኝም፤ ሽንብራም ጨው አይሆንም። ክረምቱ አለፈ፤ ጤፉ ማሳው ላይ ቆመ። ወንድሜ የሚመጣበት ጊዜ እየቀረበ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት፣ በሩ ላይ ቀጥ ያሉ ረጅም ሴት ቆሙ። በቢቸናና በዙሪያዋ የማያውቃቸው የለም። ሙሾ አውራጅ ናቸው፤ ለቅሶ ላይ ግጥሙን እየፈጠሩ፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ ከፊት ቆመው ሌላውን የሚያስለቅሱ። ሁላችንም "እትዬ" እንላቸዋለን።

"የወታደሩን እናት ያስለቀስሻት አንቺ ነሽ?" አሉኝ።

"ደብዳቤ ነው የጻፍኩላቸው፣ እትዬ።"

"ይሁን። ማስለቀስ የእኔ ሥራ ነው። ገበያዬን ልትወስጂ ነው እንዴ?"

መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። አክስቴ ስትስቅ ነው ቀልድ መሆኑ የገባኝ። እትዬ ተቀመጡ። ለእኔ ሳይሆን ለአክስቴ ማውራት ጀመሩ።

"ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ላይ ምን እንደሆንኩ ሰምተሻል? ያንን ጋሻህን ማን ይያዝ የምለውን..."

ግጥሙን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፦

ጋሻህን ማን ይያዝ፣ ጦርህን ማን ያንሳው፤
ቤትህ ምሰሶ አጣ፣ ወደቀ አንበሳው።

"ገና ምሰሶው ላይ ስደርስ አንዲት ኮረዳ ከኋላ ሆና ወደቀ አንበሳው ብላ ጨረሰችልኝ። ጓደኛዋ ደግሞ በዚህ አገር ስንት አንበሳ ነው የሚወድቀው ትላለች። ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ በእኔ ፊት!"

አክስቴ ሳቋን ለመዋጥ እንዝርቷን አሽከረከረች። "አዲስ ይፍጠሩላቸዋ" አለች።

"ከየት?" አሉ እትዬ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ደርቋል። ያለኝን ሁሉ ለእሷ አለቀስኩበት። ለሰው የሚሆን አልቀረኝም። ማስታወሱን አስታውሳለሁ፤ አንዴ የሰማሁትን አልረሳም። መፍጠሩ ነው የሄደው።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ትጽፊያለሽ፤ ታነቢልኛለሽ። እኔ እይዘዋለሁ። ካገኘሁት አካፍልሻለሁ። የምትናገሪ አትመስይም፤ የምፈልገውም የማትናገር ነው።"

ዝም አልኩ። እሳቸውም እሺ ያልኩ መሰላቸው። ለአንድ ጊዜ ትክክል ነበሩ።

ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ጠዋት የጻፍኩትን ይዤላቸው ሄድኩ። በትምህርት ቤት በበዓል ቀን፣ ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ቆመን እንደምናነበው ዓይነት ረጅም፣ ከባድ ቃል የበዛበት ግጥም ነበር። እትዬ ተነሥተው ቆሙና "አንብቢ" አሉኝ። ሳነብ እሳቸው በቀኝ እጃቸው ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። መጀመሪያው መስመር ሳያልቅ እጃቸው ቆመ።

"አይወርድም" አሉ። "ደረቴ አንድ ጊዜ ሲመታ ግማሹን፣ ሁለተኛ ሲመታ ግማሹን መጨረስ አለብኝ። እኔ ይህን የምለው እያለቀስኩ ነው እኮ! ትንፋሽ ከየት ላምጣ? ያንቺ ለሰባኪ ነው። ለደረት የሚሆን አምጪልኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስጽፍ በግራ እጄ ደረቴን ቀስ አድርጌ እመታለሁ። አክስቴ መጀመሪያ ያመመኝ መስሏት ነበር። በትንንሽ ለቅሶዎች ላይ አንዳንዱ ደህና ሆነልን፤ አንዳንዱ ሰውን ሳይነካ አለፈ። ለምን አንዱ እንደሚነካ ሌላው እንደማይነካ አላውቅም ነበር።

ያወቅኩት ሞጣ ነው።

ሞጣ የሞቱት ሰው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሚስታቸው የቢቸና ልጅ ስለሆኑ ወደ እትዬ መልእክት የላኩት እሳቸው ናቸው። የበኩር ልጃቸው ደብረ ማርቆስ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነው፤ አባቱ ሲቀበሩ አልደረሰም። ስለዚህ በአርባው ቀን ዘመድ ሁሉ ሲሰበሰብ የሚገባ ለቅሶ እንዲለቀስ ፈለገ። እትዬ መልእክቱን ሲሰሙ እጄን ያዙኝ። "የሞጣ ሰው ጆሮው ክፉ ነው። ነጋዴ ሁሉ የሚያልፍበት አገር ነው። እዚያ ከተሳቀብኝ ከዚህ በኋላ የሚጠራኝ የለም" አሉ። እኔን ደግሞ እሳቸው ካልተጠሩ የሚጠራኝ እንደሌለ መናገር አላስፈለጋቸውም። ወንድሜ ሊመጣ የቀረው የአውድማው ሥራ ብቻ ነበር።

በጭነት መኪና ሄድን። እትዬ ገቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን፣ እኔ ከኋላ ከኑግ ጆንያ ላይ። ደብረ ወርቅን አልፈን አቧራ ለብሰን ሞጣ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቤቱ ገበያው ዳር ነው። ከመግቢያው ክፍል የስፌት መኪናው ነጭ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል።

ልጁ ጥቁር ጨርቅ ክንዱ ላይ አስሮ ተቀበለን። ለእትዬ ወንበር ሰጥቶ እሱ ቆሞ ነው የተናገረው።

"አባቴ በጠላት ጊዜ በረሃ ወርደዋል። እንደ አርበኛ እንዲለቀሱ ነው የምፈልገው። ጋሻ፣ ጦር፣ ይኼን ይኼን።" ዓይኑ ወደ ስፌት መኪናው ሄዶ ተመለሰ። "ስለዚህኛው ምንም አይነሣ። ቢሮ ውስጥ የሰፊ ልጅ እየተባልኩ ነው የኖርኩት። በሞታቸው እንኳ ይረፉበት።"

እናቱ ጥግ ተቀምጠው "ስንቅ ነበር የተሸከመው፤ ጠመንጃ አልነበረውም" አሉ ቀስ ብለው።

"እማዬ፣ ያው በረሃ ነው" አላቸው።

እትዬ ወደ ጓሮ ሲወጡ ጆሮዬ ላይ "በይ እንግዲህ፤ አንበሳው ሞጣም ሊወድቅ ነው" አሉኝ። ሊስቁ ፈልገው አልቻሉም።

ጓሮ ለነገው ድግስ ሴቶች ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ቢላ ተሰጠኝና ተቀላቀልኩ። እንደ ልማዴ አቀርቅሬ ነው የተቀመጥኩት፤ ከማላውቀው ሰው ጋር ስሆን የማየው ሁልጊዜ መሬቱንና የሰዉን እግር ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቀሚስ ጠርዝ በድርብ ተሰፍቷል፤ ሁለቱ መስመር ከስፌቱ መጋጠሚያ ሲደርስ እንደ ቅጠል ዞሮ ይመለሳል። ቆንጆ ነው አልኩ በልቤ። ሽንኩርት ልወረውር ዞር ስል የወዲያኛዋ ቀሚስም እንደዚያው ቅጠል አለበት። የሦስተኛዋም። ውኃ ቀድታ የገባችው ልጅም አሮጌ ቀሚሷ ላይ ያው ቅጠል አለ።

ሳልጠየቅ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ተናገርኩ።

"ይኼን ማን ነው የሰፋው?"

"ማን ይሰፋዋል? እሳቸው ናቸው እንጂ!" አለች አጠገቤ ያለችው። "የሠርጌ ነው።"

"የእኔም የሠርጌ ነበር፤ እንዴት እንደጠበበኝ እያየሽ አትናገሪ" አለች ሌላዋ፤ ሳቁባት።

"እኔ ጨርቅ መግዣ አልነበረኝም" አሉ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ከምድጃው ዳር። "ለልጄ ክርስትና ከየሰዉ ቁርጥራጭ ገጣጥመው ሰፉልኝ። ሰው እንዳያውቅብኝ ደግሞ ሁሉንም ነጭ ነጭ መርጠው።"

ማንም ስለ ጋሻ አላነሣም። እኔም አቀርቅሬ ሰማሁ። ሴቶቹ እንደማላያቸው ስላወቁ ይሁን አላውቅም፣ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ቀጠለች።

በነጋታው ማለዳ እትዬ ፊታቸውን ታጥበው ሳይጨርሱ ወረቀቴን ይዤ ቆምኩ። መጀመሪያ ልጁ ያዘዘውን የጦርና የጋሻ ግጥም አነበብኩላቸው። ደረታቸውን እየመቱ ሰሙ። "ይወርዳል" አሉ፤ ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልነበረም። ከዚያ ሌላውን አነበብኩ። በመሐል እጃቸው ደረታቸው ላይ ቀረ።

"የስፌት መኪናው ነገር እንዳይነሣ ብሏል እኮ።"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ቢቆጣ የምዋረደው እኔ ነኝ። አንቺን ማንም አያውቅሽም።"

"አውቃለሁ።" ወረቀቱን አላጠፍኩትም። "ግን እነዚያ ሴቶች ለጋሻ አያለቅሱም። እሳቸው ላይ ጋሻ አላዩም።"

ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ እኔ እግራቸውን አየሁ። "ድገሚው" አሉ። ደገምኩት። ሦስተኛ አልጠየቁኝም።

ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ሞላ። ዘመዱ ከመሐል፣ ቄሶቹ ከድንኳኑ ሥር፣ ለሟቹ ጨርቅ ይሸጡላቸው የነበሩ ሙስሊም ነጋዴዎች ደግሞ ከአጥሩ ዳር ቆመዋል። እኔ ከእትዬ ኋላ ነበርኩ። እትዬ ነጠላቸውን አገልድመው ገቡና ለልጁ ድርሻውን አስቀድመው ሰጡት፤ ያለ ውሸት ግን።

በረሃ ሲወርዱ፣ ስንቅ የተሸከመ፤
ዛሬ ግን ያለ ስንቅ፣ ብቻውን ቀደመ።

እናትየው "እህህ" አሉ። ሰዉ በልኩ አለቀሰ። እትዬ ትንሽ ዝም አሉ። ዝምታቸው ሲረዝም ፈርተው የተዉት መሰለኝ። ከዚያ ደረታቸውን መቱ።

እስቲ ጎንበስ በሉ፣ ጠርዛችሁን እዩ፤
ከለበሳችሁት፣ እንዴት ትለያዩ።

ማንም ወዲያው አላለቀሰም። ሴቶቹ ጎንበስ አሉ። አንዷ የቀሚሷን ጫፍ አነሣች። ጎኗ ያለችው አየችው፤ የራሷን አነሣች። ያ ቅጠል ከእጅ ወደ እጅ የሄደ ያህል በግቢው ዞረ። ትናንት ከምድጃው ዳር የነበሩት ሴት ናቸው መጀመሪያ የጮኹት። ከዚያ በኋላ እትዬ ሁለተኛውን ሲሉ ድምፃቸው ራሱ ከለቅሶው በላይ መውጣት አቃተው።

ሙሽራ ዳረበት፣ ሕፃን አቀፈበት፤
ያ የስፌት መኪና፣ ዛሬ ዝም አለበት።

አሁን ልጁ ይቆጣል ብዬ አቀርቅሬ ጠበቅኩ። ጥቁር ጫማ ወደ እኛ ሲመጣ አየሁ። እትዬ ፊት ቆመ። ቀና አላልኩም። ከዚያ እጁን አየሁ፤ የኮቱን የታችኛውን ጫፍ ይዞ ወደ ውጭ ገለበጠው። ገበሩ ላይ፣ ሰው በማያይበት በኩል፣ ሁለት መስመር ስፌት ነበር፤ መጋጠሚያው ላይ ቅጠሉ ዞሯል። ጣቱን ብዙ ጊዜ አመላለሰበት። በኋላ ከነኮቱ አቧራው ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። አንድ ጨርቅ ነጋዴ ከአጥሩ ዳር መጥተው አጠገቡ ቁጭ አሉ፤ የራሳቸውን እጅጌ ያዩ ነበር።

ለቅሶው ሲበርድ ልጁ ለእትዬ "ይኼን ማን ነገርዎት?" አላቸው። እትዬ ዞር ብለው እኔን ፈለጉኝ። ከሴቶቹ መሐል ገብቼ ተደብቄ ነበር። "እሷ ትጽፋለች፤ እኔ እጮሃለሁ" አሉት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ያን እንዲሉ አልተስማማንም ነበር።

እትዬ ካገኙት አካፈሉኝ። ከሞጣ ገበያ ጨውና በርበሬ ገዝቼ ተሸክሜ ተመለስኩ። አክስቴ በርበሬውን አሸተተች፤ "የሞጣ በርበሬ ያስነጥሳል" አለች። ስታስቀምጠው ግን ከራሷ ዕቃ ጋር ነው።

ወንድሜ እህሉን ካስገባ በኋላ፣ ከጥምቀት ማግስት መጣ። በቅሎዋ ኮርቻዋ ላይ ምንጣፍ ተደርጎላት ነበር፤ ለእኔ መሆኑ ነው። እኔ ያን ሰዓት ጓዳ ነበርኩ። እናቷ የሞቱባት፣ ከየጁቤ የመጣች ሴት ከፊቴ ተቀምጣ፣ እናቷ ወደ ዓባይ የሚወርድ መንገደኛ ሳያጠጡ እንደማያሳልፉ እየነገረችኝ ነው። ቀጭን ግድግዳ ነው፤ ከውጭ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል።

"ተዘጋጅታለች?" አለ ወንድሜ።

"ቁጭ በል" አለችው አክስቴ። "ሰው ይዛለች።"

"ምን ሰው?"

"ሥራ ላይ ናት። አትጩህ።"

ሴትዮዋ አልሰማችም፤ ስለ እናቷ መናገሯን ቀጠለች። እናቷ ሊሞቱ ሲሉ እንኳ ደጅ ሰው ካለፈ ውኃ ስጡት ይሉ እንደነበር ስትነግረኝ፣ ከግድግዳው ወዲያ የወንድሜ ጫማ መንቀሳቀሱን ተወ።

ሴትዮዋ ስትወጣ ወንድሜን የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ቀና ብሎ አላየኝም። ማቀርቀሬን ከየት እንዳመጣሁት ያኔ ገባኝ።

"ለአባታችን እንዲህ ያለለት ሰው የለም" አለ። "በጥድፊያ ነው የቀበርነው። ያለ ወቅቱ ዝናብ መጥቶብን ነበር።"

"አስታውሳለሁ።"

"ሙት ዓመቱ ደርሷል። አንቺ ለሰው ሁሉ..." አልጨረሰውም።

ጓዳ ገብቼ አዲስ ሉክ አመጣሁና ከጎኑ፣ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መሬቱን እያየሁ "ንገረኝ እስቲ" አልኩት። "ለብቻችሁ እርሻ ላይ ስትሆኑ ምን ይል ነበር አባባ?"

ወንድሜ ተነሣና መጀመሪያ ኮርቻውን ከበቅሎዋ ላይ አወረደ።